መንገዱን ለማያውቅ ሰው

እናቴ ፈሪ አይደለችም ብዬ ሃያ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። በሽተኛ የተኛበት አንሶላ፣ ሐኪም የለበሰው ጋዋን፣ የቀዶ ጥገና ክፍሉ አረንጓዴ ጨርቅ ሁሉ በእሷና በአምስት ባልደረቦቿ እጅ ያልፋል። መጀመሪያ በየክፍሉ ይለያል፤ ደም የነካው ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ማሽን ይገባል። ደምን በሙቅ ውሃ ከነካሽው ዕድሜ ልኩን አይለቅም ትላለች። ማሽኑ የሚነሳው ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለሆነ እሷ ከቤት የምትወጣው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። እንዲህ ስትወጣ አሥራ ሰባት ዓመት ሆናት። እኔ መውጣቷን የማውቀው በመቀርቀሪያው ድምፅ ነው፤ ቀጭ ሲል እሰማና ብርድ ልብሴን ስቤ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ።

ልጆች ሆነን ጨለማ ፈራን ስንላት ትስቅብን ነበር። ጨለማ መብራት የሌለበት ቦታ ነው እንጂ ሌላ ምን አለበት ትለናለች። እኔም አመንኳት። እናቴ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈራው ነገር ቢኖር አንሶላ ላይ የቀረ እድፍ ብቻ ነው ብዬ ለጓደኞቼ አወራ ነበር። ከእንደዚህ ዓይነት ሴት እንደ እኔ ያለች ቦቅቧቃ እንዴት እንደወጣች ግን ይገርመኛል።

እኔ ቀን ቀን ሸሚዝ መስፊያ ቤት ቁልፍ እተክላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ፊልም ሥራ እማራለሁ። ትምህርቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፤ አውቶቡሱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ያወርደኛል፤ ከፌርማታው እስከ ቤታችን በር አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። በእነዚያ አሥራ አንድ ደቂቃዎች ልቤ የእኔ አይደለም። የቤቱን ቁልፍ በጣቶቼ መሃል ጨብጬ፣ ከኋላዬ የሚመጣውን ኮቴ እያዳመጥኩ፣ ማንም ሳይደውልልኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ “አዎ፣ ደርሻለሁ፣ በሩ ጋ ነኝ” እያልኩ እሄዳለሁ። የእውነት በሩ ጋ ስደርስ ግንቡን ተደግፌ ትንፋሼ እስኪመለስ እቆማለሁ። ላቤን እጠርጋለሁ። ከዚያ እያንጎራጎርኩ እገባለሁ።

የማንጎራጉረው ለወንድሜ ብዬ ነው። ታላቄ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ራዲያተር ይጠግናል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ስጋቱ ከአፉ ሲወጣ ትእዛዝ ሆኖ ነው የሚወጣው። የማታ ትምህርት ስጀምር፣ አንድ ነገር ገጠማት ሲሉ የሰማሁ ቀን ትምህርቱ በዚያው አበቃ ብሎኛል። እሱ ደግሞ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ለመመረቅ የቀረኝ ሁለት ወር ነበር። እፈራለሁ ብዬ ትንፍሽ ካልኩ የሦስት ዓመት ልፋቴን በገዛ አፌ መቅበሬ ስለሆነ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ።

የመመረቂያ ሥራችን የሙዚቃ ክሊፕ ነበር። ቡድናችን አራት ሰው ነው። ዘፋኟ ሽቦ ናት፤ ስሙ የወጣላት ከቅጥነቷ የተነሳ ነው። ዘፈኑን ራሷ ጻፈችው፤ ማታ ብቻዋን ስለምትሄድ ሴት ነው። ዳይሬክተራችን ጄኔራሉ ነው፤ ሁለት ሰው ቆሞ ካየ ማሰለፍ የሚያምረው ልጅ። ሦስተኛው ካሜራ ያለው ልጅ ነው፤ ቡድኑ ውስጥ የገባው እሱ ሳይሆን ካሜራው ነው እያልን እንቀልድበታለን። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ ሥራዬም የቀረጻ ዕቅድ መጻፍ ነው።

የመጀመሪያ ስብሰባችንን ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ክፍል ውስጥ አደረግን። ጄኔራሉ ሰሌዳው ላይ ጭጋግ ሣለ፣ ቀይ መብራት ሣለ፣ በመጨረሻም ኮፍያ የደፋ ረጅም ሰውዬ ሣለ። ጭሱን ከየት እናመጣለን በሚለው ብቻ አንድ ሰዓት ተከራከርን። በመሃል ካሜራ ያለው ልጅ እጁን አወጣና፣ ለመሆኑ ምኑ ነው የሚያስፈራው ብሎ ጠየቀ። እሱ በዚያ ሰዓት ሲሄድ ነው የኖረው፤ አንድም ቀን ምንም አስቦ አያውቅም። ለማሾፍ አልነበረም፤ የእውነት አያውቅም። እኔና ሽቦ ተያየን። ከዚያ አፌን ከፈትኩና ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን መንገድ ከፌርማታው እስከ በሩ በየደቂቃው ዘረገፍኩት። ስጨርስ ጄኔራሉ ጠመኔውን አስቀምጦ ነበር።

“ይሄን ጻፊው” አለኝ። “ልክ እንደነገርሽን አድርገሽ። ኮፍያ የደፋው ሰውዬ ግን መጨረሻ ላይ ይግባ።”

አስተማሪያችን ስለ ዕቅድ አንድ ሕግ አለው። ዕቅድ ማለት ቦታውን ረግጦ የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ብቻ ይዞ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በሰዓቱ የሚደርስበት ነው ይላል። ከዚያ በፊት የጻፍኩትን በቀይ እስክሪብቶ አጨማልቆ መልሶልኝ ስለነበር በዚህኛው እስክሪብቶውን ላስውጠው ማልኩ። እልህ ክፉ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እየተመላለስኩ እርምጃ ቆጠርኩ፤ መብራት ቆጠርኩ፤ ማን መቼ ሱቁን እንደሚዘጋ መዘገብኩ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ።

3፡02። ልጅቷ ከአውቶቡስ ትወርዳለች። ሰማያዊ ቦርሳ ይዛለች። ሁልጊዜ ብቻዋን ናት። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ።

3፡04። የተዘጋው ሱቅ። ከዚህ በኋላ ክፍት በር የለም።

3፡05። ሦስተኛው መብራት አይሠራም። ከዚህ እስከ መጋዘኑ ግንብ አርባ እርምጃ ጨለማ ነው።

3፡07። በግራ ረጅም ግንብ፣ በቀኝ የውሃ ቦይ። እዚህ ብትጮህ የሚሰማት የለም።

እንዲህ እያለ ሁለት ገጽ ይሄዳል። አስተማሪው አማራጭ ቦታ የሌለው ዕቅድ ዕቅድ አይደለም ስለሚል፣ ሲደብረኝ የምሄድበትን ዙሪያ ጥምጥም መንገድም ከነደቂቃው ጨመርኩበት። ከታች ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ።

አስተማሪው አንዲት ቀይ ነጥብ አላሳረፈበትም። ለክፍሉ ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ሁሉም ተማሪ በሚያልፍበት ኮሪደር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአራት ስፒል ወጠረውና ከላዩ “እንደዚህ ነው የሚጻፈው” ብሎ ለጠፈ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ውሃ ልጠጣ፣ መጸዳጃ ቤት ልሂድ እያልኩ በዚያ በኩል እመላለስ ነበር። ሰው ቆሞ ሲያነብ ካየሁ ዝግ ብዬ ነው የማልፈው። ሰው ሲወደስ ማሰቢያው ይደፈናል መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ የለም።

ሌላው ማስታወቂያ ሁሉ በቦታው አለ። የጠፋ ደብተር የሚፈልገው፣ የፈተናው መርሐ ግብር፣ ሁሉም አለ። የእኔ ብቻ የለም። ተቀዶም አልተወሰደም። የወሰደው ሰው አራቱን ስፒሎች አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ወረቀቱን አንስቶ፣ ስፒሎቹን መልሶ በአንድ መስመር ሰክቷቸዋል። ያልቸኮለ ሰው ነው። ያን ስፒል አሰካክ ሳይ ክው አልኩ።

አስተማሪው ነገሩን በሙገሳ ወሰደው፤ ጥሩ ሥራ ይሰረቃል አለኝ። ጄኔራሉ ቅጂ ስላለን አታስቢ አለ። ሽቦ ብቻ ናት መልኳ የተለዋወጠው።

“ስምሽ አለበት?” አለችኝ።

“አለበት።”

“ቀኖቹስ?”

ቀኖቹም እንዳሉበት ነገርኳት። ያን ቀን እስከ አውቶቡሱ ድረስ ክንዴን ይዛ ሸኘችኝ። እሷ የምትሄደው በሌላ አቅጣጫ ነው።

እስከዚያ ቀን የምፈራው ሊሆን የሚችለውን ነገር ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የምፈራው የሆነ ሰው ሆነ። ይኖራል፤ ኪሱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለው፤ የት እንደምወርድ ያውቃል፤ የትኛው መብራት እንደማይሠራ ያውቃል። የነገርኩት ራሴ ነኝ፤ ያውም አሳምሬ። ጨለማው ውስጥ ስገባ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር በራሴ ድምፅ ይመጣብኛል። እዚህ ብትጮህ የሚሰማት የለም። ሰማያዊውን ቦርሳ በጥቁር ቀየርኩ። መንገድ ልቀይር ብዬ በዙሪያ ጥምጥሙ መሄድ ከጀመርኩ በኋላ፣ እሱም ገጽ ሁለት ላይ “አማራጭ” በሚለው ሥር እንዳለ ትዝ አለኝ። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ኮሪደር ላይም ሰላም አጣሁ። የክፍሌ ወንዶች ደህና አመሸሽ ሲሉኝ ፊታቸውን እመረምራለሁ። አንተ ነህ? አንተ ነህ? እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ የጥበቃው ሽማግሌ እንኳ ዛሬ ዘገየሽ ሲሉኝ እንዴት አወቁ ብዬ ልቤ ይመታል። ለወንድሜ እንዳልነግር ትምህርቴ አለ። ለእናቴ እንዳልነግር፣ ጨለማ ውስጥ ምን አለ ብላ ትስቅብኛለች ብዬ አፈርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ አውቶቡሱ ዘገየ። ስወርድ የተዘጋው ሱቅ ፊት አንድ ሰውዬ ቆሟል። ሳልፍ የእጅ ሰዓቱን አየ። ሰው ሰዓቱን ያያል፤ የሚታሰረውም ለዚያ ነው። ግን ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ እንደገና ሰዓቱን አየ። ስልኬ ላይ 3፡11 ይላል። በዕቅዴ መሠረት እዚያ ቦታ የምደርሰው 3፡04 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ከኋላዬ ኮቴ ይኑር አይኑር እንኳ አላውቅም፤ የራሴ ትንፋሽ ጆሮዬን ደፍኖት ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ግንቡን ተደግፌ አልቆምኩም፤ ማንጎራጎሩም አልመጣልኝም። ገብቼ በሩን ዘጋሁና ጀርባዬን ሰጥቼው ቀረሁ።

እናቴ በዚያ ሰዓት ተኝታ ነው የማገኛት። ያን ቀን ግን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ሁለት ገጽ ወረቀት ተዘርግቷል፤ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። የእጅ ጽሑፌን ከሩቅ አወቅኩት። ሰውነቴ ሁሉ ተፈታ፤ ላለቅስ ደረስኩ።

“አንቺ ነሽ እንዴ የወሰድሽው?” አልኳት።

“ከየት?” አለች። “አንሶላሽን ስቀይር ፍራሹ ሥር አገኘሁት።”

ወረቀቱን አንስቼ ጥግ ጥጉን አየሁት። የስፒል ቀዳዳ የለውም። መጀመሪያ የጻፍኩት ረቂቅ ነው። ያኛው አሁንም ውጭ ነው ማለት ነው። ወንበሩ ላይ ተዘርፍጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰሌዳውን፣ ስፒሎቹን፣ ሰዓቱን የሚያየውን ሰውዬ። ሳትስቅ፣ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ ጣቷን መሃሉ ላይ አሳረፈች።

“እዚህ ጋ ውሻው የሚጮህበት ግቢ ያስፈራል ብለሻል” አለች። “ሲጮህ አያስፈራም። የሚያስፈራው ዝም ያለ ቀን ነው። የሚያውቀው ሰው እዚያ ቆሟል ማለት ነው።”

አፌን ይዤ አየኋት። መንገዱን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ቦዩ ውሃ ሲሞላ ከኋላ የሚመጣ ኮቴ እንደማይሰማ፣ በግንቡ በኩል መሄድ እንደማያዋጣ፣ በመሃል መንገዱ ከሆነ ቢያንስ በሁለት በኩል መሮጫ እንዳለ ትነግረኛለች። አንሶላ በየክፍሉ እንደምትለየው መንገዱን በየቁራጩ ለይታዋለች። ገጹን ገለጠችና ጄኔራሉ ያስጨመረኝ ላይ ስትደርስ ቆመች።

“ይሄን ኮፍያ የደፋ ሰውዬ አውጪው።”

ለምን አልኳት። ስትመልስልኝ ወረቀቱን እያየች ነበር። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ በጋ ሙሉ፣ ከመጋዘኑ ግንብ ጀምሮ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አንድ ሰው ሲከተላት ከረመ። ስትፈጥን ይፈጥናል፤ ስትቆም ይቆማል። ከአሥር እርምጃ በላይ አልቀረባትም። አንድ ቃል አልተናገረም። እሷም አንድ ቀን ዞራ አላየችውም። በጋው ሲያልቅ ኮቴው ቀረ።

“ፊቱን አላየሁትም፤ ድምፁን አልሰማሁትም” አለችኝ። “ኮፍያውን እንኳ አይቼ ቢሆን በኮፍያው ባወቅኩት። እስከ ዛሬ እንዴት አደርሽ የሚለኝ ወንድ ሁሉ እሱ ይሆናል እላለሁ።”

የሰፈሩ ወንዶች ሰላም ሲሏት አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። እኔ ከኋላ ከኋላዋ እየሄድኩ ደክሟት ነው፣ አትቀየሟት እላቸው ነበር። ኩራት ነው የመሰለኝ። ለምን አልነገርሽንም ስላት፣ ለማን ብላ መለሰችልኝ፤ እኔ ስድስት፣ ወንድሜ አሥር ዓመታችን ነበር። ብነግራችሁም ንጋት ላይ ማሽኑ መነሳቱ አይቀር አለችኝ። አሁንስ ስላት፣ አሁንም እፈራለሁ፤ ዛሬ ጠዋትም ፈርቻለሁ አለች። እኔ በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም። የምደገፍበት ግድግዳ ከኋላዬ የተነሳ መሰለኝ።

ወንድሜ ድምፃችንን ሰምቶ ዓይኑን እያሻሸ ከወዲያኛው ክፍል ወጣ። ምንድን ነው አለ። እናቴ ወረቀቱን አጠፈችና የትምህርት ቤት ወረቀት ነው አለችው። እሱም አምኖ ሊመለስ ነበር። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ሁሉም እንደነበረ ይቀጥላል፤ እኔ እያንጎራጎርኩ እገባለሁ፤ እሷ ሌሊት ሌሊት ትወጣለች።

“እፈራለሁ” አልኩት።

ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ወረቀቱን አነበበው። ሲያነብ ቅባት ያልለቀቀው አውራ ጣቱ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ይጮሃል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። ዝግ ባለ ድምፅ፣ ከሰኞ ጀምሮ አትሄጂም፣ በቃ፣ አበቃ አለኝ። ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ሦስት ዓመቴ ዓይኔ እያየ ሄደ።

እናቴ ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለችው።

“እኔስ?” አለች።

“አንቺ ምን?”

“ሌሊት እወጣለሁ። መንገዱ ይሄው ነው። እሷ የምታልፈው ሰው ሳይተኛ ነው፤ እኔ የማልፈው ማንም በሌለበት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት።” ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። “እኔን ቅሪ ያለኝ ሰው ግን የለም።”

ወንድሜ አፉን ከፈተ። ያቺ ቃል አፉ ድረስ ስትመጣ አየኋት። ሊላት ፈለገ፤ እምላለሁ፣ ሊላት ፈልጎ ነበር። ግን የምንበላው ከየት እንደሚመጣ ሦስታችንም እናውቃለን። አፉን መልሶ ዘጋውና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ስለ እኔ ያለውንም ደግሞ አላነሳውም።

እናቴ ከሁለታችን በፊት ተኛች፤ ሥራ አለባታ። እኔ መብራቱ ሥር ተቀምጬ ኮፍያ የደፋውን ሰውዬ ሰረዝኩትና በቦታው “ማንም አይታይም። ኮቴ ብቻ” ብዬ ጻፍኩ። ለወንድሜ የበጋውን ኮቴ በሹክሹክታ ነገርኩት። ጣሪያውን እያየ ሰማኝ። ከዚያ መብራቱን አጥፍተን እዚያው ተጋደምን።

አሥር ሰዓት ላይ እናቴ ተነሳች። እንዳንነቃ ብላ ጫማዋን በእጇ ይዛ በጣቶቿ እየተራመደች ወደ በሩ ሄደች። ለካ አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ነበር የምትወጣው። ሁለታችንም ነቅተን እያየናት መሆኑን አላወቀችም። መቀርቀሪያው ቀጭ ሲል ወንድሜ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተነሳ። በሩ ላይ እጁን ያዝኩት።

“ከኋላዋ ዝም ብለህ አትሂድ” አልኩት። “አውራ። ድምፅህን ትስማው።”

ወጣ። ለተወሰነ ጊዜ ኮቴ ብቻ ነበር የሚሰማኝ፤ የእሷ ከፊት፣ የእሱ ከኋላ። የእሷ ሲፈጥን ሰማሁት። ከዚያ ወንድሜ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ቃል የማይወጣው ሰውዬ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ጮክ ብሎ ማውራት ጀመረ። ስለ ራዲያተር ነው። ትናንት አንድ የጭነት መኪና ራዲያተር መጥቶለት የት ጋ እንደሚያፈስ ሊያገኘው አልቻለም። እናቴ ቆመች። የሁለቱም ኮቴ አብሮ መሄድ እስኪጀምር ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆየሁ። ድምፁ እየራቀ ሄዶ ሲጠፋብኝ መቀርቀሪያውን መለስኩ። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ከሰሌዳው የተወሰደው ወረቀትም አልተገኘም፤ መብራቱን አበራሁና እስኪነጋ ድረስ አላጠፋሁትም።